የተቀደደው ወር

ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የቀን መቁጠሪያን የሚመለከተው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ስንት ቀን እንደቀረው ለማወቅ ነው። ተማሪም የሚመለከተው ፈተና ስንት ቀን እንደቀረው ለማወቅ ነው። እኔ ተማሪም ደመወዝተኛም ሆኜ ስላየሁት ሁለቱንም ጭንቀት አውቀዋለሁ። ዳሩ ግን በየቤታችን ግድግዳ ላይ በአንድ ምስማር ተንጠልጥሎ የሚኖረው ይህ ወረቀት ለትንንሽ ልጆች እጅግ ጥሩ የሒሳብ ማስተማሪያ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማወራው በዓመቱ ውስጥ ስላሉት ለየት ያሉ ቀኖችና በነዚያ ቀኖች ከልጆች ጋር ልንጫወታቸው ስለምንችላቸው ጨዋታዎች ነው። ጨዋታ ስል ቧልት ማለቴ አይደለም። ልጅ በጨዋታ ጊዜ የሚያሳየውን ትጋት አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ቢያሳይ ኖሮ ባለጉዳይ ሁሉ ከቀትር በፊት ወደ ቤቱ በገባ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። «የጎረምሳ አስተማሪ ስለ ሕፃናት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገባኝ እንደሚከተለው ነው። አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ከገና እስከ ጥምቀት ስንት ቀን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው፤ ወሩ ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆነ አሥራ ሁለት ቀን ነው ለማለት የእጅ ጣት ከበቂ በላይ ነው። (በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 ስለሚውል ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ይሆናል።) እነዚህ ልጆች ባለ ሁለት ተለዋዋጭ እኩልዮሽ ያለ ችግር የሚፈቱ ናቸው። ነገር ግን ክፍሉ ዝም አለ፤ በመጨረሻም ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ቀመሩ የቱ ነው?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ብዙ ቀን ከጆሮዬ አልጠፋም። ቁጥር ማለት ከሰሌዳ ላይ የሚገለበጥ ነገር እንጂ በእጅ የሚዳሰስ፣ በዓይን የሚታይ፣ በቤት ውስጥ ያለ ነገር አይደለም ብለው ያመኑት ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ አይደለም፤ ገና በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ነው። ይህንንም የተረዳሁት ከእህቴ ልጅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት እህቴ ልጇን ይዛ እናቴና እኔ ወዳለንበት ቤት መጣች። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ጨርሶ በመስከረም አንደኛ ክፍል ሊገባ ነበር። እንደ ነገረችኝ፣ አንድ ቀን አስተማሪዋ በልጆቹ ሁሉ ፊት አቁማ አስቆጠረችው። ልጁም «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አሥር» አለ። አስተማሪዋ ሳቀች፤ ልጆቹም አስተማሪያቸውን አይተው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሃያ አሥር» ሆነና ቀረ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ለመሳቅ አትቸኩል። ከዘጠኝ ቀጥሎ የሚመጣው አሥር መሆኑን የነገርነው እኛው ነን፤ ልጁ የነገሩትን ይዞ ራሱ አስቦ የደረሰበት ነው። ፈረንሳዮችም ሰባን ሲቆጥሩ «ስድሳ አሥር» ነው የሚሉት፤ የሚስቅባቸውም የለም።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። «ስንት ቁራሽ ዳቦ ልስጥህ?» ሲባል «የሚበቃኝን» ይላል እንጂ ሁለት ወይም ሦስት አይልም። ዕድሜውን ቢጠይቁት ጣቱን ያሳያል። «በመስከረም ትምህርት ቤት አልሄድም» ማለቱን ግን ደጋግሞ ይናገራል። እህቴም «አንተ አስተማሪ አይደለህ? እስቲ አንድ ነገር አድርግ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰው አስተማሪ መሆኑን ሲሰማ ዘመድ ሁሉ ሐኪም ያገኘ ይመስለዋል።

ልጁ ከመጣ በኋላ የመጀመሪያው በዓል ቡሄ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን የሰፈሩ ልጆች ሙልሙል የሚቀበሉበት፣ ጅራፍም የሚያጮኹበት ቀን ስለሆነ ትምህርት የሚባል ነገር የሚያስታውስ የለም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም። ነገር ግን ከልጆቹ አንዱን ጅራፉን ይዞ ሁለት የኳስ ሜዳ ያህል ርቀት ሄዶ እንዲያጮኽ ላክሁት። እጁ ሲወርድ አየን፤ ድምፁ ግን ዘግየት ብሎ መጣ። «ድምፁ የት ቆየ?» ብለው ጮኹ። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ እንደሚሄድ፣ የጅራፉም ጫፍ የሚጮኸው ከዚህ ፍጥነት ስለሚበልጥ እንደሆነ ለትልልቆቹ ነገርኋቸው። ለትንንሾቹ «ድምፅ እግረኛ ነው፣ ብርሃን ግን ባለፈረስ ነው» ማለት ይበቃል። ማታ መብረቅ ሲበርቅ እስኪያንጎደጉድ ድረስ መቁጠር ጀመሩ፤ ሦስት ሲቆጥሩ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ ድምፅ ግን አላወጣም።

እናቴ እንደ ብዙ እናቶች ቡሄ ከዋለ ክረምት የለም ባይ ናቸው። ልጁ ግን በማግሥቱ ዝናብ ስለመታው ነገሩ አልገባውም። ስለዚህ ምን አደረግን፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ወስደን ዛፍና ጣሪያ በማይሸፍነው የግቢው ጥግ ላይ በድንጋይ ደግፈን አስቀመጥን። ልጁ ቁጥር ስለማይፈልግ ማስመሪያ አልሰጠሁትም። በየማለዳው ቀጭን እንጨት በጣሳው ውስጥ እስከ ታች ያስገባል፤ ውሃው የደረሰበትን በከሰል ይቀባል፤ ከከሰሉ በላይ ያለውን ይሰብርና የቀረውን እንጨት በበረንዳው ግድግዳ ሥር አቁሞ ጣሳውን ይደፋል። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ጠጠር ብቻ ያስቀምጣል። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አጭርና ረጅም እንጨቶች ተሰልፈው ቆሙ። እኛ በሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ሥለን፣ ስም ሰጥተን፣ ተማሪ የምናስጨንቅበትን ግራፍ የስድስት ዓመት ልጅ ያለ አንድ ቁጥር ሠራው።

አንድ ቀን ጠዋት እንጨቶቹን አይቶ ወደ እናቴ ሄደና «እማማ፣ ክረምቱ ቡሄ ማለፉን አልሰማም» አላቸው። እናቴ ከት ብለው ሳቁና «ይሰማል ልጄ፤ ወሬው ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው» አሉት። ከዕንቁጣጣሽ በኋላ እንጨቶቹ እያጠሩ፣ ጠጠሮቹም እየበዙ ሄዱ። ሁለቱም አልተሸነፉም። ልጅ አዋቂ የተናገረውን ቃል ሳይሳደብና ሳይፈራ በራሱ ጣሳ ሊመረምረው ቢችል፣ አዋቂውም ባይቆጣ፣ ይህ ለእኔ ከብዙ ትምህርት ይበልጥብኛል። ትልልቆቹ ደግሞ በማስመሪያ ይለኩ፤ በጣሳው ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ዘነበ ማለት ነውና በግቢያቸው ላይ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደወረደ ማስላት ይችላሉ። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ስሌት በጣም የሚያስገርም ነው።

ከዚያ በኋላ ጳጉሜ መጣች። ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ስለሆነች የመንግሥት ሠራተኛ አይወዳትም፤ ልጆች ግን ይወዷታል። ስሟ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍቺውም ተጨማሪ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የቀን መቁጠሪያ ሲገልጥ አንዲት መሥመር እንኳ በቅጡ ያልሞላች ገጽ አገኘ። ብዙ ጊዜ አይቶ አይቶ «ጋሼ፣ ይኼን ወር ማነው የቀደደው?» አለኝ።

ከዚህ የተሻለ የትምህርት መጀመሪያ ማንም አስተማሪ አዘጋጅቶ አያገኝም። «ና እንፈልገው» አልሁትና ከእናቴ ዘንድ አንድ ሰፌድ የተቆላ ሽምብራ ተቀበልን። የግቢው ልጆችም ተጠሩ። በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ አሥራ ሦስት መሥመር አሰመርን፤ በየመሥመሩ መጀመሪያ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልን የወሩን ስም ጻፍን፤ ለያንዳንዱ ወርም ሠላሳ ሠላሳ ሽምብራ መደርደር ተጀመረ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ወር ደረሰው። ሁሉም በራሱ መሥመር ላይ ስላቀረቀረ ሌላውን የሚሰማ አልነበረም። የእህቴ ልጅ የተወለደበት ወር የካቲት ስለሆነ የካቲትን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ከጀርባው ቆሜ ነበር። ሽምብራውን አንድ በአንድ እያስቀመጠ በሹክሹክታ ይቆጥራል። ሃያ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ እጁ ሽምብራውን እንደያዘ ቀረ። ከአጠገቡ ያለችው የጎረቤት ልጅ ጥርን እየደረደረች ሳትዞር «ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፤ ጨረስሁ!» አለች። እሱም ሽምብራውን አስቀመጠና «ሠላሳ» አለ። ቀጥሎም ማንም ሳያዝዘው መጋቢትን ያዘ።

ችግር የተነሣው በኋላ ነው። ታኅሣሥ ሁለት ቀን ጎደለው፤ ሐምሌም አራት ቀን አነሰው፤ ምክንያቱም ሽምብራው የተቆላ ነበር። የበላው ሰው አልታወቀም። እንግዲህ የጎደለውን ለማወቅ ሁሉም ወር እንደገና መቆጠር ስላለበት በዚያ ከሰዓት በኋላ ልጁ ሃያ ዘጠኝን ተሻግሮ ሠላሳ ያለው ከአሥር ጊዜ በላይ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ አሥራ ሁለቱ መሥመሮች ሞሉና በአሥራ ሦስተኛው ላይ አምስት ሽምብራ ብቻ ቀረች። «አልተቀደደም፤ የተረፈ ነው» አለ። በየማታውም ከአምስት ጣቶቹ በአንዱ ላይ ክር እያሰርንለት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆጠረ። ጳጉሜ 3 ቀን ሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጆቹ ሁሉ እንደ ልማዳችን ለጠበል ራቁታቸውን ወጥተው ሲዘሉ፣ እሱ ሦስት ክር ያሠረ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይዘል ነበር።

ጳጉሜ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን የምትሆንበትን ነገር ለትንሽ ልጅ በቃል ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ዳቦ ይሻላል። ዓመቱ ከ365 ቀን ሌላ ሩብ ቀን ያህል ትርፍ ስላለው አንድ ዳቦ ለአራት ቆርሶ በየዓመቱ አንድ ሩብ በሰሐን ላይ ማኖር ነው፤ በአራተኛው ሙሉ ዳቦ ይሆንና ስድስተኛው ቀን ተገኘ ማለት ነው። ለትልልቆቹ ደግሞ አባቶቻችን የሚያውቁት ስሌት አለ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደመርና ለአራት ይካፈላል፤ አንድ ከቀረ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከቀረ ማርቆስ፣ ሦስት ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ነው። በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ የሚቀጥለውም በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚሁ ጋር አንድ የሰንጠረዥ ዝላይ ጨዋታ አለ። ወሩ ሠላሳ ቀን ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ የወሩ መባቻ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየዘለለ ይሄዳል። የ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ነበር፤ ስለዚህ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 ደግሞ እሑድ ሆነ። ሰባቱን ቀኖች በጠመኔ በክብ ጽፎ ልጆቹን እየቆጠሩ ማዘለል ነው። ከዚያ በኋላ የቀን መቁጠሪያ ሳያዩ የልደት ቀናቸው በምን ቀን እንደሚውል ይነግሩሃል፤ በመሥሪያ ቤት ካሉት ብዙዎቻችን ይህን አንችልም።

ስለ ዕንቁጣጣሽ ብዙ አልልም። አበባ ይዘው የዘፈኑት የግቢያችን አምስት ሴቶች ልጆች 87 ብር አገኙና ለመካፈል ተቀመጡ፤ ለያንዳንዷ አሥራ ሰባት ደርሶ ሁለት ብር ቀረ። በዚያች ሁለት ብር የተነሣውን ክርክር የሰማ ሰው የማካፈል «ቀሪ» ምን እንደሆነ ዳግመኛ አይጠፋውም።

ልጁም በመስከረም ትምህርት ቤት ገባ። አንደኛ አልወጣም፤ ክፍል ውስጥም እስከ ጥቅምት ድረስ እጁን አላወጣም። ግን ይሄዳል፤ ስሙም ስሙ ሆነ።

እናቴ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም፤ ነገር ግን ቀን በማስላት የሚቀድማቸው የለም። የሚቆጥሩት በቁጥር ሳይሆን በቅዱሳን ስም ነው። ሚካኤል 12 ነው፣ ገብርኤል 19 ነው፤ «ከሚካኤል እስከ ገብርኤል ሳምንት ነው» ይላሉ። ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27። «ዕቁቡ በማርያም ነው፤ ዛሬ ማን ነው? አቦ ነው፤ እንግዲህ አሥራ ስድስት ቀን አለው» ሲሉ ከእኔ ስልክ ይቀድማሉ። ስለዚህ አያት ባለበት ቤት ልጁንና አያቱን ማወዳደር ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ልጁ በሽምብራ፣ አያቱ በቅዱሳን። በኛ ቤት እስካሁን ያሸነፈ ልጅ የለም።

በጎረቤታችን ያሉት ልጆች ሙስሊሞች ናቸውና የእነሱ ጨዋታ ጨረቃ ነው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በየካቲት ወር መጨረሻ ገደማ ነበር። ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ የጨረቃዋን መልክ በየዕለቱ በከሰል በካርቶን ላይ ይሥሉ ነበር፤ ቀጭን ጥፍር፣ ግማሽ ዳቦ፣ ሙሉ እንጀራ፣ እንደገና ግማሽ። ከዚያም የጨረቃ ወር አንዳንዴ ሃያ ዘጠኝ አንዳንዴ ሠላሳ ቀን መሆኑን፣ አሥራ ሁለቱ ሲደመሩም 354 ቀን ገደማ ስለሚመጣ ዒድ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ ታላቅ ወንድማቸው አስረዳቸው። የእህቴ ልጅ «ሃያ ዘጠኝ ላይ የሚያልቅ ወርም አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ መግለጽ አልችልም።

ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን በኅዳር ወር መትቶ ብዙ ሰው ስለጨረሰ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ ከዚያ ጋር ተያይዞ ኖረ። ለልጆች ይህን ታሪክ መንገር መልካም ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ቆሻሻችን ፕላስቲክ ስለሆነ ጭሱ ራሱ በሽታ ነው። እኛ ግቢ ልጆቹ ቆሻሻውን በአራት ክምር ለይተው የትኛው እንደሚበዛ ገመቱ፣ ከዚያም ቆጠሩ። ፌስታል አሸነፈ።

የእኔ ተወዳጅ ቀን ግን ከዚያ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በውጭ አገር የፓይ ቀን የሚባል አለ። ፓይ ማለት የማናቸውም ክብ ነገር ዙሪያ ከስፋቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው 3.14 ገደማ የሆነው ቁጥር ነው። አሜሪካኖች ቀን ሲጽፉ ወሩን ስለሚያስቀድሙ በሦስተኛው ወር በ14ኛው ቀን ያከብሩታል፤ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1988 በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም በተባለው የሳይንስ ቤተ መዘክር የፊዚክስ ሰው የነበረው ላሪ ሾው ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ያንኑ ቀን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን አድርጎታል። ያ ቀን በኛ መጋቢት 5 ነው፤ ከሦስትም ከአሥራ አራትም ጋር ዝምድና የለውም። ታዲያ እኛስ? እኛም ወሩን አስቀድመን «ኅዳር 14» ነው የምንለው፤ ኅዳርም ከመስከረም ሲቆጠር ሦስተኛው ወር ነው። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያችን የፓይ ቀን ኅዳር 14 ቀን ነው። ይህን የሚከለክለኝ ሕግ ስላላገኘሁ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር 14 ቀን፣ ቅዳሜ ስለነበረ፣ በግቢያችን በይፋ አከበርሁት።

የሚያስፈልገው ሲባጎና መቀስ ነው። ልጆቹ የእናቴን ምጣድ ስፋት በመሀል በኩል ለክተው በዚያው ልክ ሲባጎ ቆረጡ። ከዚያም ያንኑ ሲባጎ በምጣዱ ጠርዝ ላይ እያዞሩ ስንት ጊዜ እንደሚበቃ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ሄዶ ትንሽ ክፍተት ቀረች። «አልተለካም፤ እንደገና» ተባባሉ። እንደገና ሲለኩም ያችው ክፍተት ቀረች። ወደ ሰፌዱ ሄዱ፤ ሰፌዱም ሦስት ጊዜና ትንሽ። የአክንባሎው አፍ፣ የሲኒ ማስቀመጫ፣ የባልዲ አፍ፣ የለስላሳ ቆርኪ፤ ሁሉም ሦስት ጊዜና ትንሽ። ቆርኪው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ምጣድና ቆርኪ አንድ ምስጢር አላቸው ብሎ ማን ይጠረጥራል? የእህቴ ልጅ «ያቺ ትንሿ ሁልጊዜ ትመጣለች» አለ። እኔ ያቺን ትንሿን በኮሌጅ ብዙ ስማርባት፣ እስከ ዛሬም የመጨረሻውን አኃዟን ማንም እንደማይደርስባት ሲነገረኝ፣ እንደ ቆርኪው ዕለት አልደነቀችኝም። በሰኞው ያንኑ ሲባጎ ለዘጠነኛ ክፍል ወሰድሁት። ቀመሩን ሁሉም ያውቁታል፤ የምጣዱን ዙሪያ ገምቱ ስላቸው ግን አብዛኞቹ ከስፋቱ ሁለት እጥፍ ነው አሉ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «መልካም ነው፤ ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የት አለ?» አለኝ። መልሴ ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ልጅ ያለ ምክንያት አይቆጥርም። ጡረታ የወጣ ሰው እንኳ ገንዘቡን እንጂ ጠጠር አይቆጥርም። ልዩ ቀን ለልጁ ምክንያት ይሰጠዋል፤ ዛሬ ካልተደረገ ዓመት ይጠበቃልና። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ጓደኞቼ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ ደክሟችሁ ማታ ስትገቡ የእህት ወይም የወንድም ልጅ በራችሁ ላይ እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁ፤ ስልካችሁንም ነው የሚፈልገው። ከላይ ከነገርኋችሁ አብዛኛው ከሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ በጨዋታው መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ምን ተማርክ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ይህን ስትጠይቁ ሽምብራው ወዲያው ፈተና ይሆናል።

የመጨረሻው ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ አልተጻፈም። አገራችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ትቆማለች። በአዲስ አበባ አንዱ ነሐሴ 23 ቀን ገደማ ነው፤ እሱን ግን ደመና ይወስደዋል። ሌላው ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ነው። በጅማ ጥቂት ቀን ይቀድማል፤ በጎንደር ወደ አሥር ቀን ያህል ይዘገያል። ከ2,200 ዓመት ገደማ በፊት በእስክንድርያ የነበረው ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ያሰላው እንዲህ ያለውን ቀን በአስዋን ተመልክቶ፣ በእስክንድርያ ከሚታየው ጥላ ጋር አስተያይቶ ነው። ሰዓቱ ግን በትክክል ስድስት ሰዓት አይደለም፤ የምንጠቀምበት ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ለሚገኝ መሥመር የተቆረጠ ስለሆነ ፀሐይ የምትደርሰው ከስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ገደማ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 5 ቀን ሆሳዕና ነበር። ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው፣ የዘንባባ አክሊል በራሳቸው አድርገው ነበር። በግቢው መካከል አንድ ዱላ በክር ቱንቢ አስተካክለን ተከልን፤ ከረፋዱ ጀምሮም በየሩብ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ጥላው እያጠረ፣ እያጠረ መጣ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ከዱላው ሥር አንድ ጣት የማትሞላ ነጥብ ቀረች፤ ጥቂት ቆይቶ እሷም ጠፋች። ከዱላው አጠገብ የነበረው ባዶ ጠርሙስም ጥላ አልነበረውም። ልጆቹ እየጮኹ የየራሳቸውን ጥላ ፍለጋ መዞር ጀመሩ፤ ወደ ኋላቸው ቢያዩ የለም፤ ወደ ጎን ቢያዩ የለም። የእህቴ ልጅ ግን አልሮጠም። በቆመበት ሆኖ ወደ ታች ተመለከተና አንድ እግሩን ቀስ ብሎ አነሣ። ከጫማው ሥር ትንሽ ጥቁር ነገር አየ። «እዚህ ተደብቋል!» አለና ሳያመልጠው እግሩን ቶሎ መልሶ ረገጠው።